አንድ ገበታ ለጾመኛ እናቴና ለቪጋን ልጄ

ይህን የምጽፈው ኅዳር በገባ ቁጥር እንደ እኔ ጭንቅ ለሚይዛቸው ነው። ቤታችሁ ውስጥ አንድ የሚጾም፣ አንድ ሥጋና ወተት እርግፍ አድርጎ የተወ፣ አንድ ደግሞ በአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል "ተርኪ የሌለበት ታንክስጊቪንግ ምኑ በዓል ነው?" የሚል ሰው ካለ የማወራው ስለ እናንተ ነው። እኔ ሁለት ዓመት አበላሽቼ በሦስተኛው ነው የተሳካልኝ። እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ የፓዩን ነገር እነግራችኋለሁ።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ባለቤቴ፣ እኔና ሁለት ልጆቻችን። እናቴ በፈረንጆቹ 2022 መስከረም ላይ ከደብረ ብርሃን መጥታ አብራን መኖር ጀመረች። እሷ ከመምጣቷ በፊት ታንክስጊቪንግ ለእኛ ቀላል በዓል ነበር። ተርኪ የሚባለው ትልቁ የዶሮ ዘመድ ኦቨን ይገባል፣ ጎን ለጎን ዶሮ ወጥ ይሠራል፣ የባለቤቴ ወንድም ከነቤተሰቡ ይመጣል፣ ወንዶቹ ኳስ ያያሉ። እኔ ዐቢይ ጾምንና ፍልሰታን እጾማለሁ እንጂ የነቢያትን ጾም አጥብቄ የያዝኩበት ዓመት ትዝ አይለኝም። ስለዚህ አንድ ነገር ልብ ሳልለው ኖሬአለሁ። ታንክስጊቪንግ የሚውለው የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ ነው፤ ከ22 ወዲህ፣ ከ28 ወዲያ አያልፍም። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 24፣ ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ደግሞ 25። ስታሰሉት በዓሉ ብዙውን ጊዜ ጾሙ ከገባ በኋላ ነው የሚውለው። በ2022 ደግሞ ጭራሽ ሁለቱ በአንድ ቀን ገጠሙ፤ ሐሙስ፣ ኅዳር 15።

"ለእኔ አታስቢ፣ ያለው ይበቃኛል" አለችኝ እማዬ። እኔም አመንኳት። የሐበሻ እናት "ለእኔ አታስቢ" ካለች ማሰብ ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው።

የዚያን ቀን ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ጠዋት ሙሉ ከተርኪው ጋር ስታገል ዋልኩ። ለእማዬ የሚሆነውን ምስር ወጥ የጣድኩት እንግዶቹ በር ሲያንኳኩ ነው። ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ በርበሬ ጨመርኩበት፤ ጥሬ ጥሬ አለ። ጎመን እሠራለሁ ብዬ አስቤ ነበር፣ አልደረሰልኝም። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ እኛ ግን ልጆቹ ራባቸው ብለን ስምንት ሰዓት ላይ ጀመርን። ሰው ሁሉ ሲበላ እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጣ ፈገግ እያለች ታየናለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ያቀረብኩላት ያው ጥሬ ምስር፣ ሰላጣና አንድ ጭልፋ የተፈጨ ድንች ነበር።

ድንቹን "ለእሷ እንዲሆን" ብዬ በቅቤና በወተት ፋንታ ለቡና የሚሆነውን ዱቄት ጨምሬበት ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ "ነን ዴይሪ"፣ የወተት ውጤት ያልሆነ፣ ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። እማዬ ወደደችው። "ይህስ ቅቤ ያለው ይመስላል" አለች እየሳቀች፣ እንድጨምርላትም ሳህኗን ሰጠችኝ። ያኔ ትልቋ ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቆርቆሮውን አንስታ ከጀርባው ያለውን ትንሹን ጽሑፍ እያነበበች፣ "ማሚ፣ እዚህ ላይ ከወተት የተገኘ ይላል እኮ" አለችኝ። በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤ እማዬ ግን "ሚልክ" የምትለዋን ቃል ከመጣች ወዲህ ለምዳታለች።

እጇን ከሳህኑ አነሳች። አልተቆጣችም። "ሳላውቅ ነው፣ እሱ ያውቃል" ብላ ሄዳ አፏን ተጉመጠመጠች፣ ከዚያም ክፍሏ ገባች። በሩን ስትዘጋ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብታጮኸው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የተማርኩትን አሁኑኑ ልናገር፣ ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ የጾምም ሆነ የቪጋን ምግብ የሚበላሸው ምድጃው ላይ ሳይሆን ሱቅ ውስጥ ነው። "ነን ዴይሪ" ማለት ወተት የለበትም ማለት አይደለም። ኬሲኔት የሚባል ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ሊኖርበት ይችላል፤ ሕጉም ይፈቅዳል፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ከወተት የመጣ መሆኑን እስከጻፉ ድረስ። ስለዚህ የፊት ጽሑፉን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ። ከዝርዝሩ ሥር "ኮንቴይንስ" (ይዟል) ብላ የምትጀምር መስመር ካለች ወተትና እንቁላል እዚያ ላይ ይወጣሉ፤ ብዙ ሰው እሷን ብቻ አይቶ ያልፋል። እኔም ለአንድ ዓመት ያህል እንደዚያ ሳደርግ ቆይቼ ነው የነቃሁት። ያቺ መስመር ለአለርጂ የተጻፈች ናት እንጂ ለጾመኛ አይደለችም። የዶሮ መረቅ አለርጂ ተብሎ አይቆጠርም፣ የአሳማ ስብም እንደዚሁ፣ ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚሠራው ጄላቲንም እንደዚሁ። እናም ከተርኪው ጋር ለሚቀርበው የዳቦ ምግብ፣ ለስተፊንግ፣ የሚሸጠው የተቀመመ ዳቦ ውስጥ የዶሮ መረቅ፣ የፓይ ሊጥ ውስጥ ላርድ የሚባለው የአሳማ ስብ፣ ስኳር ድንች ላይ የሚደረገው ነጭ ማርሽሜሎ ውስጥ ጄላቲን ተደብቆ ይገኛል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ነው፤ ሌላ መላ የለውም። እኔ አሁን መነጽሬን ሳልይዝ ገበያ አልወጣም።

"ፓርቭ" የሚል የአይሁዶች ምልክት ያለበትን መግዛትም ይረዳል፤ ሥጋም ወተትም የለበትም ማለት ነው። እንቁላል፣ ዓሣና ማር ግን ሊኖርበት ስለሚችል እሱንም ገልብጣችሁ እዩት። የሚያብረቀርቅ ለስላሳ ዳቦ ካያችሁ ደግሞ ጠርጥሩ፤ ያ ማብረቅረቅ ብዙውን ጊዜ የተቀባ እንቁላል ነው።

ወደ ሁለተኛው ዓመት ልሂድ። 2023 ላይ በዓሉ ኖቬምበር 23 ዋለ፣ በእኛ ኅዳር 13። ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እፎይ አልኩ። እማዬም "ቅበላዬን በፈረንጅ ዶሮ ልቀበል" ብላ ሳቀች። ያላሰብኩት ነገር የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው።

ትልቋ ልጄ በዚያው በጋ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አቆመች። "ቪጋን ሆኛለሁ" አለችን። ስለ ዶሮ እርባታ የሆነ ነገር አይታ ነው። እኔ የጉርምስና ነገር ነው፣ ይለቃታል ብዬ አለፍኩት። ይህ ትልቁ ስህተቴ ነው፤ ይለቃታል ብዬ ስላሰብኩ ለበዓሉ ምንም አላዘጋጀሁላትም። ፍርፍር ሳይቀር በቅቤ ነው የሠራሁት። ሰላጣና ዳቦ አለ፣ ይበቃታል አልኩ፤ አምና እናቴን ያስቀመጥኩበት ጥግ ላይ ዘንድሮ ልጄን አስቀመጥኳት ማለት ነው። አጎቷ "እስቲ ካሮቱ ሲነቀል ያለቀሰውን ሰማሽ?" እያለ ያላግጥባታል። እኔም ከመቆጣት ይልቅ ሳቅሁ።

እማዬ አላወቀችም። ነግሬአት ነበር፣ ግን ሊገባት አልቻለም። "ጾም ሳይገባ ምን ያስጾማታል? ሆዷን አሟት ይሆን?" ነበር ያለችኝ። ገበታው መሀል ላይ እንጀራውን ቆርሳ፣ ዶሮ ወጡን በደንብ አጥቅሳ፣ ከተርኪውም ከለስላሳው ቦታ ቆንጥራ፣ አሳምራ ጠቅልላ፣ ግራ እጇን ከሥር ደግፋ ወደ ልጄ ዘረጋች። "እንኪ የኔ እናት፣ ከስተሻል።"

ልጄ አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ዓይኔን ሳህኔ ላይ ተከልኩ። "እማማ፣ አልችልም" አለች፣ በቀጭን ድምፅ። የእማዬ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀይ ወጥ በመዳፏ በኩል ወደ እጅጌዋ ሲወርድ አይቻለሁ። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል፣ ግን የአያት ጉርሻ ሲመለስ እኔ ከተወለድኩ አይቼ አላውቅም። ልጄ ተነሥታ ወደ ላይ ወጣች። እማዬ ጉርሻውን መልሳ ትሪው ላይ አላስቀመጠችውም፤ ለትንሹ ልጄ ሰጠችውና እጇን ታጠበች። ከዚያ በኋላ ማንም ብዙ አልበላም።

ለወላጆች አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ ቪጋን ነኝ ካለች ምክንያቱን ባትቀበሉትም እንኳ ለዘመድ የምታስረዱት እናንተ ናችሁ፤ ያውም እንግዳ ከመምጣቱ በፊት። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አማርኛዋ እየተሰባበረ አያቷን ፊት ለፊት እምቢ እንድትል መተው ጭካኔ ነው። እኔ አድርጌዋለሁ።

ነገሩን ያዞረው የተከተለው ቅዳሜ ነው። በዚያ ዓመት ጾሙ የገባው ኖቬምበር 25 ነበር። እማዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽሮዋን በሸክላ ድስት ሠርታ፣ ጎመኗን አድርጋ ልትቀመጥ ስትል ልጄ ወጥ ቤት ገባች። የሽሮው ሽታ ነው የጠራት። "ቅቤ አለው?" አለች። "ጾም ገባ እኮ ልጄ፣ ቅቤ ከየት ይመጣል?" "እንቁላልስ? ወተትስ?" "በጾም?" አለች እማዬ ደንግጣ። ልጄ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከአንድ ትሪ በሉ። ሲጨርሱ ስገባ እማዬ ወደ እኔ ዞራ፣ "ይቺ ልጅ የያዘችው እኮ ጾም ነው፤ መፍቻ ቀኑ የማይታወቅ ጾም። ለምን እንዲህ ብለሽ አልነገርሽኝም?" አለችኝ። ለምን አልነገርኳትም? "ቪጋን" የሚለው ቃል ከፈረንጅ ስለመጣ ነገሩም የፈረንጅ መስሎኝ ነዋ።

ልዩነቱን በኋላ ቀስ በቀስ ደረስንበት። ማር ለጾመኛ ይፈቀዳል፣ ልጄ ግን አትቀምስም፤ ስለዚህ እማዬ የበጠበጠችውን ብርዝ ሳትጠጣ ቀረች። ልጄ ጠዋት ቁርሷን ትበላለች፣ እማዬ ትጠብቃለች። ጾመኛ ጾሙ ሲፈታ ዶሮና እንቁላሉን ይበላል፣ ቪጋን ግን አይፈታም፤ ይህ ከጤናም ጋር የሚያያዝ ነገር ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የልጆች ሐኪማችን በእንክብል እንድትወስድ አድርጋታለች። በእንዲህ ዓይነት አመጋገብ ላይ ያለ ልጅ ካላችሁ ይህን ለሐኪም ሳታነሱ እንዳትቆዩ።

አሁን ሦስተኛው ዓመት። 2024፣ ኖቬምበር 28፣ ኅዳር 19። ጾሙ ገብቷል፣ ልጄም ቪጋንነቷ አልለቀቃትም። አሥራ አራት ሰው ይመጣል።

በመጀመሪያ የወሰንኩት ዋናውን ገበታ ሙሉ በሙሉ የጾም እንዲሆን ነው። "ለእናቴ ትንሽ ለብቻ" የሚባለውን ነገር ተውኩት። ለብቻ የሚሠራ ምግብ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚሠራው፣ ሁልጊዜም ያንሳል፤ ምስሬን አስታውሱ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ያለ ተርኪ አይሆንለትም። ሰውን በግድ ማስጾም አልወድም፤ ስለዚህ "አንተ ቤትህ አብስለህ፣ ቢላዋና ሹካህን ይዘህ ና፣ መስኮቱ አጠገብ የራስህ ጠረጴዛ አለህ" አልኩት። ሳቀ፣ ግን ተስማማ። ይህን ምክር በጣም ነው የማጠብቀው፦ ተርኪው ከሌላ ቤት ይምጣ። አንድ ኦቨን ውስጥ ከላይ ተርኪ ከሥር አትክልት አድርጋችሁ ስቡ ሲንጠባጠብበት ማየት አትፈልጉም፤ ጭልፋ መቀላቀሉም አይቀርም።

ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ለሁሉም ደወልኩ። "ምን ትበላላችሁ?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉም "ያገኘነውን" ነው የሚላችሁ። "ምን አትበሉም?" በሉ። እንዲያ ብጠይቅ ነው የባለቤቴ ወንድም ትንሽ ልጅ የኦቾሎኒ አለርጂ እንዳለበት ያወቅሁት፤ ስንት ዓመት ቤቴ ሲመጣ የማላውቀው ነገር።

ከዚያ የገባሁበት ስህተት የጾሙን ገበታ ተርኪ ለማስመሰል መሞከር ነው። ከአኩሪ አተር የተሠራ፣ ተርኪ የሚመስል ድቡልቡል ነገር ከበረዶው ክፍል ገዝቼ መጣሁ። ለሙከራ ጠበስኩት። እማዬ አየችውና "ይህ ጾም ነው ወይስ ሥጋ?" ብላ ራቅ አለች፤ ሥጋ ሥጋ የሚሸት ነገር በጾም አፏ ልታስጠጋ አልፈለገችም። ልጄ አንድ ጊዜ ነክሳ፣ "ማሚ፣ እኔ ተርኪ ናፈቀኝ አላልኩም እኮ" አለች። እውነቷን ነው። ሥጋ የተወ ሰው ሁሉ የሥጋ ምትክ የሚፈልግ ይመስለናል።

ግን የበዓል ገበታ መሀል ይፈልጋል። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ እየተደረደሩ መሀሉ ባዶ ሲሆን ተራ የረቡዕ በያይነት ነው የሚመስለው። ይህን ለእማዬ ስነግራት ብዙም አላሰበችም፤ "የሽምብራ ዓሣ ነዋ!" አለች። ልጅ እያለሁ አያቴ ስትሠራ አይቻለሁ፣ አሜሪካ ከመጣሁ ግን ሃያ ዓመት አልቀመስኩም።

ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ለልምምድ ሞከርነው፤ እንኳንም ሞከርነው። የሽምብራውን ዱቄት በውሃ፣ በጨውና በትንሽ ዘይት አቦካሁ፣ ለስልሶ ደስ አለኝ፣ ዓሣ ዓሣ አስመስዬ ቆራርጬ ጠበስኩ፣ ከዚያ ወጡ ውስጥ ጨምሬ ግማሽ ሰዓት አንተከተክሁት። ክዳኑን ስከፍት ዓሣ የለም፤ ሽሮ ሆኗል። እማዬ በሳቅ ፈረሰች። በማግስቱ እሷ አቦካችው፤ ሊጡ ጠጠር ያለ፣ ጣት ሲጫኑት የማይሰጥ። ዳምጣ፣ በቢላዋ ጅራትና ክንፍ እያወጣች ቆረጠችው። ልጄ ዓይኑን በሹካ ጫፍ ትወጋለች፣ ቅርፊቱን በማንኪያ ጠርዝ ትስላለች፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አርባ የሚሆኑ ዓሦች ሠሩ፣ አንዷን ቀንድ አወጡላት። ከዚያ በዘይት እስኪደርቅ ተጠበሰ። ምስጢሩ ወጡ ለብቻው በስሎ ያልቃል፤ ዓሣው የሚገባው ገበታ ሊቀርብ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ነው። ደርቆ ከተጠበሰ ወጡን ይመጠዋል እንጂ አይፈርስም። ቀድማችሁ ጠብሳችሁ ማስቀመጥ ስለምትችሉም ለበዓል ቀን አመቺ ነው።

የወጡን ነገር ካነሳሁ፣ የጾም ምግብ አይጣፍጥም የሚሉ ሰዎች የበሉት በአብዛኛው የተቻኮለ ቁሌት ነው። ቅቤ ብዙ ጥፋት ይሸፍናል፤ እሱ ሲቀር ጥሬው ሽንኩርት ይጋለጣል። እኛም በዘይት ብዛት ልንሸፍነው እንሞክራለን፣ ወጡ ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ ይታያል። እማዬ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በዝግታ፣ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረገች ታቁላላዋለች፤ ለአሥራ አራት ሰው ስምንት ፓውንድ ሽንኩርት ነበር፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ከጠቆረ በኋላ ነው። ዘይቱንም ቀድማ በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በበሶብላ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል አንጥራዋለች፣ ልክ ቅቤ እንደምታነጥረው። አንድ ጠርሙስ ሠርታችሁ አስቀምጡ፤ ጎመኑም፣ ክክ አልጫውም፣ ድንቹም በእሱ ይሠራል። የተፈጨውን ድንች ዘንድሮ በዚህ ዘይት ሠራሁት። ማንም ስለ ወተት አልጠየቀም።

ሥራውን ከፋፈልነው። እንጀራውን ከሐበሻ ሱቅ ሁለት ሳምንት ቀድሜ አዘዝኩ፤ በበዓል ዋዜማ እንጀራ ፍለጋ ስትዞሩ እንዳትውሉ። ማክሰኞ ማታ ሽንኩርት ከተፋና ቁሌት፣ ረቡዕ ምስሩ፣ ክኩና የዱባ ወጡ፤ እነዚህ አድረው ነው የሚጥሙት። አዚፋውም አድሮ ሰናፍጩ ሲገባው ነው። ለሐሙስ የተውኩት ጎመኑን፣ ሰላጣውንና ዓሣውን ወጥ ውስጥ መጨመሩን ብቻ ነው። ክራንቤሪው ውሃ፣ ስኳርና ፍሬው ብቻ ስለሆነ እንደነበረ ቀረበ፤ እማዬ ከምስር ጋር ስታጠቅሰው አይቼ ማመን አቃተኝ።

ገበታውን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አደረግሁት። ለእንግዶቹ ቀድሜ ነግሬአለሁ፤ ለልጆቹ ቆሎና ዳቦ ቆራርጬ አስቀመጥኩ። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ትልልቆቹ ሁላችንም ሳንበላ ጠበቅናት። ይህ ምንም ወጪ የሌለው ነገር ነው፣ ከሠራሁት ምግብ ሁሉ ግን እሷን ደስ ያላት ይኸው ይመስለኛል። በሩን ገብታ ትሪው ሳይነካ ስታየው "ምነው፣ ምን ሆናችሁ?" አለች፤ ጠብቀናት መሆኑን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካክላ መሀል ተቀመጠች። አቡነ ዘበሰማያት ያደረሰችው እሷ ናት። ድፎውን የባለቤቴ ወንድም ቆረሰ። መሀል ላይ በትልቁ ትሪ ዓሦቹ ቀይ ወጥ ለብሰው ተደርድረዋል፣ ቀንዳሟም አለች።

ያልተሳካውንም ልናገር። ስተፊንጉ እንደ ጭድ ደረቀ፤ ቅቤውን ሳወጣ መረቁን መጨመር ነበረብኝ፣ አልጨመርኩም። የዱባ ፓዩን በኮኮናት ወተትና በበቆሎ ስታርች ሠርቼ በዚያው ቀን ትኩሱን ቆረስኩት፣ እንደ አጥሚት ፈሰሰ። እንቁላል የሌለው ፓይ ፍሪጅ ውስጥ ማደር አለበት። በኩባያ አድርገን በማንኪያ በላነው፤ ልጆቹ አልተከፉም። የባለቤቴ ወንድም መስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛው አንድ ጊዜ ተርኪውን በላና ሁለተኛውን ዙር ከእኛ ጋር ተቀመጠ፤ ዓሣውን ስንት እንደበላ ሚስቱ ቆጥራለች፣ እኔ አልቆጠርኩም። ስለ ካሮት ግን ዘንድሮ አልቀለደም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ፈተና የገና በዓል ነበር። ታንክስጊቪንግ ጾም ላይ ስለዋለ ሁለቱ ተገናኙ፤ ገና ግን የመፍቻ ቀን ነው። እማዬ ዶሮዋን ትሠራለች፣ ልጄ ደግሞ ያው ናት። የሁለተኛው ዓመት ጉርሻ ዓይኔ ላይ መጣ። ለዚህ ያገኘሁት መላ ቀላል ነው። የዶሮ ወጥ ቁሌት መጀመሪያ በዘይት ይሠራል፤ ቅቤውና ዶሮው ከመግባቱ በፊት ሩቡን ለሌላ ድስት ቀነስነው። በእሱ ውስጥ እንጉዳይና ድንች ገባ፣ በመከለሻ አለቀ። ያው ሽንኩርት፣ ያው በርበሬ፣ ያው ሁለት ቀን የፈጀ ድካም ነው፤ ልጄ የበዓሉ ወጥ ደረሳት። ጭልፋውን ብቻ ለዩ፣ እጀታው ላይ ክር እሰሩበት።

የገና ዕለት ጠዋት፣ ማክሰኞ፣ እማዬ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድራ መጣች። አርባ አራት ቀን ጾማ ዶሮ ወጡ ፊቷ ላይ ይጨሳል፣ ሁላችንም እንድትጀምር እየጠበቅናት ነው። እጇን ታጠበች፣ እንጀራ ቆረሰች። የሄደችው ግን ወደ ትንሹ ድስት ነው፣ ክር ወደታሰረበት ጭልፋ። ከእንጉዳዩ አጥቅሳ አሳምራ ጠቀለለችና ግራ እጇን ከሥር ደግፋ ወደ ልጄ ዞረች።

"ነይ ቶሎ" አለቻት፣ "እጄ ዶሮ ሳይነካ።"